ክርክር፦ በስንት ጊዜ አንዴ የምናየው ዘመድ ልደት ላይ ይጠራ?

ከገርጂ፦
ልጄ ቅዳሜ 7 ዓመት ይሞላታል። ባሌ «የልጅ ልደት የልጆች ነው፤ ኬኩ ይቆረስ፣ ይጨፍሩ፣ በቃ» ይላል። እናቴ ደግሞ «ወንድሜን ከደብረ ብርሃን ካልጠራሽ እኔም አልመጣም» ብላለች። ጋሼ በሁለት ዓመት አንዴ ቢታዩ ነው። ባለፈው ሲመጡ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ሳሎን መሀል ቆመው «ዘራፍ!» አሉ። በከዘራቸው ወለሉን ሲመቱት ሁለት ሕፃናት አለቀሱ። ልጄ ግን እስኪመሽ ድረስ ከጎናቸው አልጠፋችም። ልጥራቸው ወይስ ልተወው? እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

ከሐዋሳ፦
አትጥሪ። ቀኑ የልጅቷ ነው። የኔ 12ኛ ዓመት ሲከበር የአባቴ እህት ከስንት ጊዜ በኋላ ብቅ አለች። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት «ጥርሷስ የአባቷ ነው፣ ገፋ ያለ» ብላ ተናገረች። ሰው ሳቀ። የዚያን ቀን ፎቶዎች ላይ በሙሉ አፌን በእጄ ሸፍኛለሁ። አሁን 31 ዓመቴ ነው። ዛሬም ካሜራ ሳይ እጄ ወደ አፌ ይሄዳል። «ጠባይዋ ነው» ብለን የምናልፈው ነገር ልጅ ላይ ይቀራል። ዘመድ ለመጠየቅ ዓመት በዓል አለ።

ከደሴ፦
ልደቱ ራሱ ከየት መጣ? እኛ ቤት ዘመድ የሚሰበሰበው በዒድ ነው። ሻማና ኬክ ቤተሰብ የሚያቃቅር ከሆነ ቢቀርስ?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦
የደሴው ወንድሜ ልክ ነህ፣ ወላጆቻችን ልደት አያከብሩም ነበር። ክርስቲያኑ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና ያነሳል፤ ድግሱ ያ ነው። የተወለዱበትን ቀን ግን በቃሉ የሚይዝ ሰው ከዘመድ መሀል አይጠፋም ነበር። ብዙ ጊዜ ያ ሰው ዛሬ «አስቸጋሪ ናቸው» ብለን የምንሸሻቸው ዘመድ ናቸው።

እናቴ የወጣችው በሱዳን በኩል ነው። መዝጋቢው የልደት ቀኗን ጃንዋሪ 1 ብሎ ጻፈላት። እንደሷ ወረቀቱ ላይ ጃንዋሪ 1 የተወለደ ሐበሻ እዚህ አገር ብዙ ነው። 60 ዓመቷን ልናከብር ስንል አክስቷን ከሲያትል አስመጣን። 9 ዓመት አላየናቸውም ነበር። ሶፋ ላይ አይቀመጡም። ጀበናቸውን በፎጣ ጠቅልለው በሻንጣ ይዘው ነው የሚዞሩት። እናቴ ሻማውን እፍ ልትል ስትል «እሳት በትንፋሽ አይጠፋም!» ብለው እጇን ያዙ። ከዚያ ሻማውን አንድ በአንድ በጣታቸው ቆንጥጠው አጠፉት። ልጆቻችን አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

ቀጥሎ ጃንዋሪ ሲባል ሰሙ። «የምን ጃንዋሪ? ይቺ የተወለደችው በታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት ነው። በ55፣ በዘመነ ሉቃስ። እናቷን ምጥ የጀመራት ከንግሥ ስትመለስ መንገድ ላይ ነው። ጥለቱ አረንጓዴ ነጠላ ለብሳ ነበር፤ እኔ ነኝ ደግፌ ያስገባኋት።» ቆጠርነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 1955፣ ማለትም ዲሴምበር 29 ሆነ። ወረቀቱ የሳተው በሦስት ቀን ብቻ ነው። እናቴ ግን ስለ ነጠላው ደግማ ደጋግማ እየጠየቀች አለቀሰች። የእናቷ አንድም ፎቶ የላትም።

እህቴ፣ ጋሼን ጥሪያቸው።

ከሐዋሳ፦
የሲልቨር ስፕሪንጓ፣ የእናትሽ አክስት ያዩትን ተናገሩ። የኔዋ ሰው ፊት አዋረደችኝ። እነዚህን ሁለቱን «ለየት ያለ ዘመድ» ብለን አንድ ላይ ባንጨፈልቃቸው ጥሩ ነው። የገርጂዋ፣ ከጠራሻቸው ልጅቷ አጠገብ ትልቅ ሰው ይቀመጥ። ክፉ ቃል ከማንም ቢወጣ እዚያው «ተው» የሚል። ለኔ ያን ቀን ማንም አላለልኝም።

ከገርጂ፦
እሱን እኔ ራሴ እሆናለሁ። ዛሬ ለጋሼ ደወልኩላቸው። ልጆቹ የሚመጡት በ8 ሰዓት ስለሆነ እሳቸው በ5 ሰዓት ደርሰው ምሳ ከኛ ጋር ይበላሉ። «ሕፃናቱ እንዳይደነግጡ ዘራፉን መጀመሪያ ለልጅቷ ቀስ አድርገው ያስተምሯት» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ «ቁመቷ እስከምን ደረሰ? በልኳ ከዘራ ላስቀርጽላት» አሉኝ።