በአንድ ጥራዝ ውስጥ ሁለት ኮሚክ፦ የእንግሊዝ የልጆች ኮሚኮችን የሚያውቅ ሰው ይኖር ይሆን?

የጦሳ ሥር አንባቢ (ደሴ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ባለፈው ክረምት ፒያሳ አካባቢ ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጥ አንድ ሰው ዝናቡን ሽሽት ዕቃውን ሲሰበስብ ደረስኩና፣ በሲባጎ የታሰሩ አሥራ አንድ የእንግሊዝ የልጆች ኮሚኮች፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕል የሚነገሩ የቀልድ ታሪኮች፣ ገዛሁ። ምን እንደሆኑ ስጠይቀው «የሕፃን ነገር ነው፣ በጅምላ ውሰደው» ከማለት በቀር የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ሦስቱ ጠንካራ ሽፋን ያላቸው የ«ቢኖ» ዓመታዊ መጻሕፍት ናቸው፤ የቀሩት ስምንቱ ደግሞ በጋዜጣ ወረቀት የታተሙ፣ ጠርዛቸው የወየበ ሳምንታዊ እትሞች ናቸው።

ዕድሜዬ አርባ ሊሞላ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። ይሁንና ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ከእነዚህ ኮሚኮች ሌላ የማነበው ነገር የለም ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በእኛ አነጋገር «ኮሚክ» የሚባለው ሰውን የሚያስቅ ሰው ስለሆነ፣ ለባለቤቴ «ኮሚክ እያነበብኩ ነው» ስላት «ለሱማ አንተ ትበቃን ነበር» ብላ ስቃብኛለች። የዘጠኝ ዓመቱ የእህቴ ልጅ ግን ከእኔ የባሰ ሆኗል። እንግሊዝኛው ገና ስለሆነ አረፋው ውስጥ ያለውን ንግግር እኔ እየተረጎምኩ አነብለታለሁ፤ የድምፅ ቃላቱን ግን ለእኔ አይተውም፣ የሆነ ነገር በፈነዳ ቁጥር ከእንግሊዝኛው ጎን በእርሳስ «ጧ!» እያለ ይጽፍበታል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። «ዊዘር ኤንድ ቺፕስ» ከሚለው ኮሚክ ሁለት እትሞች ያሉኝ ሲሆን፣ በሁለቱም መካከል የራሱ ሽፋንና የራሱ ርእስ ያለው ሌላ ኮሚክ ተሰፍቶ ይገኛል። መጀመሪያ የማተሚያ ቤት ስሕተት ወይም የቀድሞው ባለቤት ጥረዛ መስሎኝ ነበር፤ ሁለቱም ላይ ሳየው ግን ግራ ገባኝ። ከዚህም በላይ በአንዱ ታሪክ ጥግ ላይ፣ ከሌላኛው ኮሚክ የማውቀው ልጅ ከአጥር ጀርባ ብቅ ብሎ ይታያል፤ በታሪኩ ውስጥ ግን ምንም አያደርግም። ከዓመታዊዎቹ አንዱ ደግሞ በሽፋኑ ላይ 1978 ተብሎ ታትሞ ሳለ፣ ውስጡ በእጅ የተጻፈው የስጦታ ማስታወሻ የ1977 ገና ይላል። በመጨረሻም ማንችስተር የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ለገና ስለምትመጣ «ምን ላምጣ?» ብላኛለች። ከእነዚህ ኮሚኮች ዛሬም የሚታተመው የትኛው ነው? ለዚህ ልጅስ የሚበጀው አሮጌው ነው ወይስ አዲሱ?

የቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ እኔ እንግሊዝ አገር ሃያ ዓመት ያህል ኖሬ፣ ሁለት ልጆቼን በእነዚሁ ኮሚኮች መካከል አሳድጌ ወደ ኮምቦልቻ የተመለስኩ ሴት ነኝ። ጥያቄህን ሳነብ የቤቴ ምንጣፍ ላይ ተበትነው የኖሩት ገጾች ናቸው የታወሱኝ።

ያገኘኸው ስሕተት አይደለም። ከ1969 እስከ 1990 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የታተመው ዊዘር ኤንድ ቺፕስ ከመነሻው የታሰበው በአንድ ዋጋ ሁለት ኮሚክ እንዲሆን ነው፤ ቺፕስ በዊዘር ሆድ ውስጥ ይታተምና ልጁ ከፈለገ ከመካከሉ አውጥቶ ለብቻው ይይዘዋል። የዊዘር አለቃ እባብ ይዞ የሚዞረው ሲድ ሲሆን፣ የቺፕስ አለቃ ደግሞ ዓይኑ ሁልጊዜ በቡጢ የጠቆረው ሻይነር ነው። አንባቢዎቹም በሁለት ጎራ ተከፍለው፣ የእኛ ልጆች በቡናና በጊዮርጊስ እንደሚከራከሩት «የኛ ይበልጣል» ይባባሉ ነበር። ከአጥሩ ጀርባ ያየኸው ልጅ ወራሪ ነው። የአንደኛው ኮሚክ ገጸ ባሕርይ በሌላኛው ታሪክ ውስጥ ሾልኮ ይደበቃል፣ አንባቢው ደግሞ አድኖ ያገኘዋል። ልጆቼ ሳምንታዊው እትም እንደ ደረሰ ታሪኩን ከማንበባቸው በፊት ወራሪውን ነበር የሚፈልጉት፤ ቀድሞ ያገኘው ለሌላው አይነግርም፣ ዝም ብሎ ይስቃል እንጂ።

የዓመተ ምሕረቱም ነገር ቀላል ነው። ዓመታዊ መጽሐፍ በመጸው ወራት ለገና ስጦታ እንዲደርስ ይወጣና በሽፋኑ ላይ የመጪውን ዓመት ቁጥር ይይዛል። ስለዚህ የ1978ቱን መጽሐፍ አንድ ልጅ ለ1977 ገና ተቀብሎታል ማለት ነው፤ ማስታወሻው ትክክል ነው።

ቢኖን በተመለከተ ጥቂት ልጨምር። አሳታሚው ዲ.ሲ. ቶምሰን የሚባለው የስኮትላንድ ድርጅት ነው፤ መቀመጫው ደንዲ የምትባል ከተማ ስትሆን፣ ድርጅቱ ከቢኖ በፊት በታኅሣሥ 1937 ያስጀመረው ኮሚክ ደግሞ «ዳንዲ» ይባላል። ከተማዋንና ኮሚኩን የማያምታታ አበሻ እስካሁን አላጋጠመኝም። ቢኖ የተከተለው ሐምሌ 30 ቀን 1938 ሲሆን ዋጋው ሁለት ፔኒ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ወረቀት ሲጠፋ ሁለቱ ኮሚኮች እስከ 1949 ድረስ ሳምንት እየቀያየሩ ነበር የሚወጡት፤ አንድ ሳምንት ዳንዲ፣ በሚቀጥለው ቢኖ። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው ጸጉረ ጨብራራው ዴኒስ የመጣው ዘግይቶ በመጋቢት 1951 ነው፤ ውሻው ናሸር በ1968 ተጨመረለት፣ የፊት ሽፋኑንም የያዘው በ1974 ነው። የሚገርመው፣ በዚያው በመጋቢት 1951 አሜሪካ ውስጥም ዴኒስ የሚባል ሌላ ረባሽ ልጅ በጋዜጣ ላይ መታየት ጀምሯል፤ ሁለቱ ግን አንዳቸው ከሌላው አልተቀዱም።

አሁን የሚያሳዝነኝን ልናገር። በያዝካቸው የቢኖ መጻሕፍት ውስጥ የሠዓሊ ስም ብትፈልግ አታገኝም ማለት ይቻላል። ድርጅቱ ሠዓሊዎቹ እንዲፈርሙ አይፈቅድም ነበር፤ ለረጅም ጊዜ በስሙ እንዲፈርም የተፈቀደለት ዱድሊ ዋትኪንስ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ሚኒ ዘ ሚንክስንና የባሽ ስትሪት ተማሪዎችን የፈጠረው ሊዮ ባክሰንዴል እንኳ በ1962 ድርጅቱን ትቶ ከወጣ በኋላ፣ በፈጠራቸው ገጸ ባሕርያት መብት ለዓመታት ተሟግቶ ጉዳዩ በ1987 ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት ነው ያለቀው። የእሱን ገጽ ለመለየት የክፍሉን ትርምስ ተመልከት። ዋናው ቀልድ ፊት ለፊት ሲካሄድ ከኋላ በኩል ሌላ አሥር ነገር እየሆነ ነው፤ አንዱ የሌላውን ኮሌታ ይጎትታል፣ አንዱ ጠረጴዛ ሥር ገብቷል፣ መምህሩ የሚያየው የተሳሳተውን ልጅ ነው። ለእህትህ ልጅ ስታነብለት ገጹን ቶሎ አትግለጠው።

መምህር ነኝ (ደሴ፣ ሆጤ)

ከላይ እታለም የጻፉትን በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ በብዙው እስማማለሁ፤ ስለ ምርጫው ግን የተለየ ሐሳብ አለኝ። የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎችን በእንግሊዝኛ ለማስነበብ ጥቂት የቆዩ የቢኖ ገጾችን ክፍል አስገብቼ ሞክሬያለሁ። በዱሮዎቹ ታሪኮች የዴኒስ ጥፋት መጨረሻው ብዙውን ጊዜ የአባቱ ነጠላ ጫማ ነው፤ አባትየው ጫማውን ያወልቃል፣ ልጁ ጉልበቱ ላይ ይደፋል፣ ታሪኩ ያልቃል። ተማሪዎቼ ይህን ክፍል ያለ ምንም ትርጉም ወዲያው ስለተረዱት እኔ ራሴ ደነገጥኩ። አንዷ ልጅ ግን «ዱላው ካልቀረለት ለምን በሚቀጥለው ሳምንት ይደግመዋል?» ብላ ጠየቀችኝ፣ መልስ አልነበረኝም። በዛሬው ቢኖ ውስጥ ጫማውም ዱላውም የለም፤ አንዳንድ ስሞችም ተለውጠዋል፣ ለምሳሌ ከባሽ ስትሪት ልጆች «ወፍራሙ» ይባል የነበረው ከ2021 ጀምሮ ፍሬዲ ሆኗል። በእንግሊዝ አገር በዚህ ያኮረፉ ጎልማሶች ብዙ ናቸው፤ እኔ ግን ልጅን በሰውነቱ መጥራት ለቀልዱ ምን ይጨምር እንደነበር አይታየኝም።

ስለዚህ ለልጁ አዲሱ ይምጣለት እላለሁ። ቢኖ ዛሬም በየሳምንቱ ይወጣል፤ አራት ሺኛ እትሙን ያሳተመው በ2019 ነው። ከእሱም ይልቅ እኔ የምመክረው በጥር 2012 የተጀመረውን፣ በኦክስፎርድ የሚዘጋጀውንና ማስታወቂያ የማይቀበለውን «ፊኒክስ» ነው። በእሱ ውስጥ ጄሚ ስማርት የሚሠራው የጥንቸልና የዝንጀሮ ጠብ ንግግሩ አጭር፣ ሁኔታው ግልጽ ስለሆነ እንግሊዝኛ ገና የሚማር ልጅ ያለ አስተርጓሚ ይከተለዋል። ስሙን ሰምታችሁ «2000 ኤዲ» የሚባለውን እንዳታስመጡለት ግን አደራ፤ በ1977 የተጀመረ ድንቅ ኮሚክ ቢሆንም የዋና ገጸ ባሕርዩ የጃጅ ድሬድ ጭካኔ የበዛበት ዓለም ለዘጠኝ ዓመት ልጅ አይሆንም።

የቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

መምህር፣ ስለ ጫማው ያሉት ልክ ነው፤ እኔም ለልጆቼ ያንን የመጨረሻ ሥዕል በእጄ ሸፍኜ ያነበብኩባቸው ጊዜያት አሉ። ይሁን እንጂ አሮጌውን አናሳንሰው። የባሽ ስትሪትን ገጽ ከ1962 ጀምሮ የሣለው ዴቪድ ሱዘርላንድ በጥር 2023 እስኪሞት ድረስ ብዕሩን አላስቀመጠም፤ ስልሳ ዓመት በየሳምንቱ ያንኑ ክፍል፣ ያንኑ ወንበር እየሣሉ እጅ ያለመታከቱ ለእኔ ከሽማኔ ሥራ የሚተናነስ አይደለም። አሮጌውን ከአዲሱ ጎን ቢያስቀምጡለት ልጁ ራሱ ይመርጣል።

ሸዋ በር (ደሴ)

በውይይቱ መካከል ስለገባሁ ይቅርታ። እኔ ኮሚኮችን አላውቃቸውም ነበር፤ ዛሬ ከጽሑፋችሁ ነው የተማርኩት። ለመሆኑ ዊዘር ኤንድ ቺፕስ ለምን ቆመ? ይህን ያህል ተወዳጅ ከነበረ ማን አጠፋው?

የቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

እንደ ብዙዎቹ ገበያው ሲቀዘቅዝ ተዋሐደ። የአሳታሚዎቹ ልማድ ይህ ነበር፦ አንድ ኮሚክ ሽያጩ ሲያሽቆለቁል በሽፋኑ ላይ «ታላቅ የምሥራች!» ተብሎ ይጻፍበታል፤ ልጁ ደስ ብሎት ሲገልጠው የምሥራቹ ኮሚኩ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ወደ ሌላ ኮሚክ ይገባል የሚል ሆኖ ያገኘዋል፣ ከሚወዳቸው ገጸ ባሕርያትም የሚሻገሩት ጥቂቶቹ ናቸው። «ሁፒ» በ1985 ወደ ዊዘር ኤንድ ቺፕስ ገባ፤ ዊዘር ኤንድ ቺፕስ በ1990 ወደ «በስተር» ገባ፤ በስተርም በጥር 2000 ተዘጋ። ትልቁ ልጄ በ1990 ያንን የምሥራች አንብቦ እራት አልበላም ብሎ ተኝቷል። የዳንዲ የወረቀት እትም እንኳ ሰባ አምስተኛ ልደቱን ባከበረበት በታኅሣሥ 2012 ነው የቆመው።

የጦሳ ሥር አንባቢ (ደሴ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ለአክስቴ ልጅ አራት ተከታታይ የፊኒክስ እትሞችና አንድ የሰሞኑን ቢኖ እንድታመጣ ጽፌላታለሁ፤ ተከታታይ ይሁኑ ያልኳት ልጁ «በሚቀጥለው ሳምንት» የሚለውን መጠበቅ ምን እንደሆነ ቢያንስ ለአንድ ወር እንዲያውቀው ነው፣ በየሳምንቱ አንድ ብቻ እየሰጠሁት። የባሽ ስትሪትን ገጽም በተባልኩት መሠረት ቀስ ብዬ ሳየው፣ ከሦስት ወር በፊት አንብቤ ጨርሼዋለሁ ባልኩት ሥዕል ጥግ አንድ አይጥ ደብተር ሲበላ አገኘሁ።

አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ስለ ዊዘርና ስለ ቺፕስ የጻፉልኝን እታለም፣ እንዳለ ለእህቴ ልጅ አነበብኩለት። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ፣ እኔ ገጹን ስገልጥ እንኳ እጄን ታጥቤ የምነካውን እትም በማንኪያ እጀታ ሽቦውን አላቅቆ ለሁለት ከፍሎታል። ዊዘርን ለጎረቤታችን ልጅ ሰጥቶት፣ ሁለቱ በረንዳው ላይ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ያነባሉ። ልቆጣው አፌን ስከፍት «አጎቴ፣ አንተ የማን ነህ?» አለኝ። የቺፕስ ነኝ አልኩት።