የፍራፍሬ ማድረቂያ ማሽኔ የማንጎውን ላዩን አድርቆ ውስጡን እርጥብ ይተወዋል፣ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁም። እባካችሁ የምታውቁ እርዱኝ፣ ማንጎ ማድረቅ አቃተኝ።

ማድረቂያዬ ክብ ነው፤ 5 ትሪዎች የሚደራረቡበት፣ ፋኑ ከታች ያለ። ማንጎውን ልጬ 1 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ውፍረት ቆረጥኩና በ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 8 ሰዓት አቆየሁት። የታችኛው ትሪ ላይ ያለው እንደ ቆዳ ደረቀ፣ የላይኛው ግን ገና እጅ ላይ ይጣበቃል። ደረቀ ያልኩትንም አንዱን ለሁለት ስገምሰው መሀሉ ላይ እንደ ጤዛ ውሃ አቀረረ። ከዚያ በፊት ያደረቅኩትን ደግሞ ደህና መስሎኝ በብርጭቆ ማሰሮ ከድኜ ባስቀምጠው፣ በማግስቱ ማሰሮው ከውስጥ አልቦት አገኘሁት፤ በሳምንቱ ሻገተ። ያን ሁሉ ፍሬ ስደፋ አንጀቴ ነው ያረረው።

ሙቀቱ ሲበዛ ላዩ ቶሎ ይደነድንና የውስጡን እርጥበት ያፍነዋል፣ ለፍራፍሬ 57 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል የሚል አንብቤያለሁ። እሺ፣ ሙቀቱን ላውርድ፤ ግን ስንት ሰዓት ልጠብቅ? ትሪዎቹንስ በየስንት ሰዓቱ ላቀያይር? ውፍረቱን በግማሽ ብቀንሰውስ?

ሌላው፣ ፋኑ ከኋላ ያለውን የሳጥን ዓይነት ልግዛ ወይ? አየሩ ለሁሉም ትሪ በእኩል ስለሚደርስ ብዙ ማቀያየር አያስፈልገውም ይባላል። ቦታ ግን ይፈጃል፣ ኩሽናዬ ደግሞ ጠባብ ነው። ያለኝን በደንብ መጠቀም ከቻልኩ ባልገዛ እመርጣለሁ።

ሁለቱንም የሞከራችሁ ካላችሁ በደንብ አስረዱኝ። ማንጎው በስሎ ፍሪጅ ውስጥ እየጠበቀኝ ነው።