የፈረንሳይ ገበሬዎች ብሎንድ ቢራ እንዴት ይቀመሳል?

ጥያቄ፦
ከሰሜን ፈረንሳይ የመጣ፣ በቡሽ የታሸገ ብሎንድ (ፈካ ያለ ወርቃማ) ቢራ ሁለት ጠርሙስ በስጦታ አግኝቼ፣ አንዱን እንደ ማንኛውም ቢራ እጅግ አቀዝቅዤ ስቀምሰው ጉሮሮን ከሚያሞቀው አልኮል በቀር የጎላ ጣዕም አላገኘሁበትም። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የቢራው?

መልስ 1፦
ጥፋቱ የቅዝቃዜው ይመስለኛል። ይህ ዓይነቱ ቢራ «ቢዬር ደ ጋርድ» ይባላል፤ «ጋርድ» ማቆየት ማለት ሲሆን፣ ስያሜው የገበሬ ጠማቂዎች በብርዱ ወራት ጠምቀው፣ በምድር ቤት አቆይተው፣ ለሞቃቱ ወራት ከሚያደርሱበት ልማድ የመጣ ነው። አንዳንዶቹ ብርቱ ናቸው፤ ለምሳሌ የሳን ሲልቬስትር ቢራ ጠማቂው «ትሯ ሞን» 8.5 በመቶ አልኮል አለው። ከማቀዝቀዣ አውጥተው ጥቂት ካቆዩት በኋላ፣ በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ አፉ ጠበብ ባለ ብርጭቆ ይቅዱት።

መልስ 2፦
በተጨማሪም ሴዞን ከሚባለው የቤልጂየም ገበሬዎች ቢራ ጋር ባያነጻጽሩት ይሻላል፤ ሴዞን ደረቅና ቅመም ቅመም የሚል ሲሆን፣ በፈረንሳዩ ግን የብቅሉ ጣዕም ከሆፑ (ቢራን ከሚያመርረው አበባ) ምሬት ይልቅ ያይላል። አንዳንዴ የሚሸተውን የምድር ቤት እርጥበት የሚያደንቁ አሉ፤ እኔ ግን (ይቅር ይበሉኝና) የቡሹ ጉድለት ነው ባይ ነኝ።

ጠያቂው፦
አመሰግናለሁ። ሁለተኛውን እንደተመከርኩት ቀዳሁት፤ ነጩ አረፋ ቀስ እያለ ሲወርድ መጀመሪያ የዳቦ ቅርፊት፣ ቀጥሎም ማር የሚመስል መዓዛ ሸተተኝ። ሽታው ከሚከብደው የአካባቢው ማርዋል አይብ ጋር ስሞክረው ደግሞ ጣፋጭነቱ የአይቡን ጨው አለዘበው።