የስኑከር ደረጃ በሽልማት ገንዘብ መሰላት አለበት ወይ?

አቤል፦ የዓለም ስኑከር (ጠረጴዛ ላይ ኳስ በዘንግ እየመቱ ኪስ ውስጥ የሚከቱበት ጨዋታ) ደረጃ የሚወጣው ተጫዋቹ በሁለት ዓመት ውስጥ ከደረጃ ውድድሮች ያገኘው ሽልማት ተደምሮ ነው፤ አንድ ፓውንድ አንድ ነጥብ። እኔ ይሄ መቅረት አለበት ባይ ነኝ። በ2024 (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) ሪያድ ላይ ጀድ ትራምፕ ማርክ ዊሊያምስን 10 ለ 9 አሸንፎ 500,000 ፓውንድ ወሰደ። የዓለም ሻምፒዮናው በሚካሄድባት በእንግሊዟ ሼፊልድ ሻምፒዮን የሚሆነውም የሚያገኘው ያንኑ ነው። ሼፊልድ ላይ ግን 10 ፍሬም (ፍሬም ማለት ግጥሚያው የሚከፋፈልበት አንድ ክፍል ነው) ማሸነፍ የመጀመሪያውን ዙር ብቻ ነው የሚያሳልፈው! ፍጻሜውን ለመውሰድ 18 ፍሬም ማሸነፍ ያስፈልጋል፣ ሁለት ቀን ይፈጃል። እንዴት እኩል ይመዘናሉ?

ሂሩት፦ ገንዘቡ ሲበዛ ምርጦቹ ሁሉ ይመጣሉ፣ ሁሉም ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ ስለዚህ ማሸነፍ ይከብዳል። 9 ለ 9 ሆኖ የመጨረሻዋን ፍሬም የሚጫወት ሰው እጁ እንዳይንቀጠቀጥ የሚያስፈልገው ብቃት ቀላል ነው እንዴ? ክብደት በፍሬም ብዛት ብቻ አይለካም።

ዳዊት፦ ሂሩትዬ፣ ሹት አውት የሚባለውን ውድድር ምን ልትዪው ነው? ጨዋታው አንድ ፍሬም፣ እሱም 10 ደቂቃ። 128 ሰው ይገባል፣ አሸናፊው ሰባት ጨዋታ ያሸንፋል። ቢበዛ 70 ደቂቃ! በ2017 የደረጃ ውድድር አደረጉት፤ በኋላ ሽልማቱ 50,000 ፓውንድ ሲሆን ያም ለአሸናፊው ደረጃው ላይ ተደመረለት። ሼፊልድ ሩብ ፍጻሜ ላይ የሚሸነፍ ተጫዋች የሚያገኘውም 50,000 ነው፤ እሱ ግን መጀመሪያ 10፣ ቀጥሎ 13 ፍሬም አሸንፎ ነው እዚያ የደረሰው። ይሄ ቁጥር ሰው ይበድላል። 16ኛ የሆነው በቀጥታ ሼፊልድ ይገባል፣ 17ኛው ማጣሪያ ይወርዳል።

ሂሩት፦ በ2022 ሆሴን ቫፋኢ የደረጃ ውድድር ያሸነፈ የመጀመሪያው ኢራናዊ የሆነው በሹት አውት ነው፣ ያውም ዊሊያምስን ረትቶ። ያንን ልንሰርዝበት ነው?

ዳዊት፦ ዋንጫው የራሱ ነው፣ ማንም አይነካበትም። እኔ የምለው ስሌቱን ነው።

ጋሽ ታደሰ፦ ልጆቼ፣ እስከ 2014 ደረጃው በነጥብ ነበር የሚሠራው። የትኛው ውድድር ስንት ነጥብ ይስጥ የሚለውን የሚወስኑት ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች ነበሩ፤ ያኔም ክርክር አላጣንም። ገንዘቡ ቢያንስ ለሁሉም ይታያል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ አወጣጡና አወራረዱ። ጃኦ ሺንቶንግ በ2025 ከማጣሪያ ተነሥቶ ዘጠኝ ጨዋታ አሸነፈ፣ ሮኒ ኦሱሊቫንን 17 ለ 7 ጣለ፣ በፍጻሜው ዊሊያምስን 18 ለ 12 ረትቶ የመጀመሪያው ቻይናዊ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ በዚያ አንድ ውድድር ብቻ 11ኛ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። ይገባዋል። ሉካ ብሬሰልን ደግሞ እዩት። በ2023 የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ማርክ ሴልቢን 18 ለ 15 ሲያሸንፍ ያገኘው ገንዘብ ሁለት ዓመት ደግፎት ቆየ፣ ጊዜው ሲያልቅ በአንድ ጊዜ ተቀነሰበትና ከ16ቱ ወጣ። ለምን የሁለተኛው ዓመት ሽልማት በግማሽ አይታሰብም? ያኔ ሰው ቀስ ብሎ ይወርዳል እንጂ ከገደል አይወድቅም።

አቤል፦ ጋሼ፣ የእርስዎ ሐሳብ የብሬሰልን ዓይነት ችግር ያቃልላል፤ በዚህ እስማማለሁ። የኔ ጥያቄ ግን አልተነካም። ነገ አንድ አዘጋጅ አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ቢመድብ፣ የዓለም ሻምፒዮናው በደረጃው ሰንጠረዥ ሁለተኛ ውድድር ሊሆን ነው ማለት ነው?

ሂሩት፦ እንደዚያ ከሆነ ሼፊልድ ይጨምር! በ2019 ለአሸናፊው 500,000 ሰጡ፣ በ2025ም ያው 500,000 ነው።

አቤል፦ ከየት ያምጡ ሂሩት? ከ1977 ጀምሮ ውድድሩ ያለው ክሩሲብል ቲያትር ውስጥ ነው፣ ወንበሩ አንድ ሺህ እንኳን አይሞላም። ገንዘብ ካለው አዘጋጅ ጋር በትኬት ሊፎካከር አይችልም። ለዚህ ነው ክብደቱ ከገንዘቡ ይለይ የምለው፤ ሽልማቱን የፈለገ የፈለገውን ያህል ይስጥ፣ ነጥቡ ግን በፍሬሙ ርዝመትና በዙሩ ብዛት ይወሰን።