ከሴንት ዣን እስከ ሮንሰስቫየስ፦ የካሚኖ የመጀመሪያ ቀን

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። በሚያዝያ አጋማሽ ካሚኖ ፍራንሴስን፣ ማለትም ወደ ስፔኗ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሚወስደውን የተሳላሚዎች የእግር መንገድ፣ ፈረንሳይ ካለችው ሴንት ዣን ፒዬ ደ ፖር ልንጀምር ነው። ስፔን ውስጥ እስካለችው ሮንሰስቫየስ ያለው የመጀመሪያው ቀን በጣም ይከብዳል ይባላል። የሚከብደው ርቀቱ ነው ወይስ ዳገቱ? ውሃስ ምን ያህል እንያዝ?

መልስ 1፦ ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው የሚጥለው ግን ዳገቱ ነው። ከ170 ሜትር ግድም ተነስታችሁ ሌፖኤደር በር በሚባለው የተራራ ማለፊያ ላይ 1,430 ሜትር ትደርሳላችሁ። መንገድ ላይ እስካለው ማረፊያ፣ እስከ ኦሪሶን ያለው 8 ኪሎ ሜትር ከሁሉም ይብሳል። ጠዋት ጉልበት አለኝ ብሎ እዚያ የሚቸኩል ሰው ከሰዓት በኋላ እግሩ ይከዳዋል። እያወራችሁ መሄድ ካቃታችሁ ፈጥናችኋልና እርምጃችሁን አሳጥሩ። ለአንድ ሰው 2 ሊትር ውሃ ያዙ፤ ኦሪሶን ላይ መልሳችሁ ሙሉት።

መልስ 2፦ ቁልቁለቱንም አትናቁት። ከበሩ በጫካ ውስጥ የሚወርደው መንገድ በጣም ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው፤ ዝናብ ከጣለ እርጥቡ ቅጠል ያንሸራትታል። በስተቀኝ በኢባኜታ የሚዞረው ይረዝማል እንጂ ለጉልበት ይሻላል። ከመውረዳችሁ በፊት የጫማችሁን ክር ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቁ። ካልጠበቀ እግር ወደፊት ይንሸራተትና ጣት ከጫማው ጫፍ ጋር እየተጋጨ ጥፍር ይጠቁራል።

መልስ 3፦ ይህ የናፖሊዮን መንገድ የሚባለው ከኖቬምበር 1 እስከ ማርች 31 ዝግ ነው። በሚያዝያም በረዶና ጭጋግ አይጠፋም። ሴንት ዣን ያለውን የተጓዦች ቢሮ ጠይቁ፤ አትውጡ ካሏችሁ ሳትከራከሩ በሸለቆው በሚያልፈው በሌላው መንገድ፣ በቫልካርሎስ ሂዱ። ማደሪያም ቀድማችሁ ያዙ።