ፈተናውን አለፍኩ፤ አሁን ለምን እንደምነሳ ግራ ገባኝ

የማታ ተማሪ፦
ሰላም ናችሁ? ቀን እየሠራሁ፣ ማታ ማታ አካውንቲንግ ስማር አራት ዓመት ሞላኝ። በየቀኑ ከሌሊቱ 11 ሰዓት እነሳና እስከ 1 ሰዓት አነባለሁ። ከዚያ ወደ ሥራ። ባለፈው ወር የመጨረሻውን ፈተና አለፍኩ። ቤተሰቤ ጮቤ ረገጠ። እኔ ሦስት ቀን ደስ አለኝ፣ በአራተኛው ፍዝዝ አልኩ።

የሚገርመው አላርሙን እስካሁን አላጠፋሁትም። ይጮኻል፣ እነሳለሁ፣ መብራት አበራለሁ፣ ጠረጴዛው ጋ እቀመጣለሁ። ከዚያ የካልኩሌተሩን ክዳን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ። ሁለተኛ ዲግሪ ቀጥል የሚሉኝ አሉ። እውነቱን ለመናገር የምፈልገው ዲግሪውን ይሁን ወይስ የምነሳበት ሰበብ፣ መለየት አቃተኝ። እንዲህ የሆነ ሰው አለ?

መንገደኛ፦
ወንድሜ፣ ተኛ! የአራት ዓመት እንቅልፍ ዕዳ አለብህ። መጀመሪያ እሱን ክፈል።

ጡረተኛዋ ነርስ፦
ልጄ፣ እኔም ጡረታ ስወጣ እንዲሁ ሆኜ ነበር። ሰዓቴን ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ ነው የኖርኩት። ቤት ከዋልኩ ከሳምንታት በኋላ እንኳ እጄ ወደ ደረቴ ይሄድ ነበር። ሰዓቱ ግን የለም።

ትልቅ ዓላማ ፍለጋ ብዙ ደከምኩ፣ አልተገኘም። አንድ ቀን የጎረቤቴ ልጅ ክፍልፋይ አልገባኝም ብላ መጣች። የመድኃኒት መጠን ሳሰላ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ክፍልፋይ አይጠፋኝም። አሁን ማክሰኞና ሐሙስ ትመጣለች። ሰኞ ማታ መጽሐፏን ቀድሜ እገልጣለሁ፤ እንዳታሳፍረኝ! ዓላማ ይባል አይባል አላውቅም፣ ማክሰኞ ግን ማክሰኞ ሆኗል።

ቁጥር ወዳጅ፦
አላርሙ አልለቅህ ማለቱ አይግረምህ። ለንደን ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ 96 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ነበር። አንድ ነገር ሳያስቡት የሚሠሩት ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ፈጀ። ግምቱ እንደ ሰዉ ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። አንተ አራት ዓመት ሙሉ ነው የደጋገምከው! ግቡ አለቀ፣ ልማዱ ቀረ። ስለዚህ ለዲግሪው አትቸኩል። ያቺን ሰዓት ለጊዜው በትንሽ ነገር ያዛት። ግን ቁርጥ ያለ ይሁን፤ ምን እንደምትሠራ ማታውኑ ወስነህ ተኛ። «የሆነ ነገር አነባለሁ» ካልክ ወደ ካልኩሌተሩ ክዳን ትመለሳለህ።

የማታ ተማሪ፦
እናቴ፣ የሰዓቱ ነገር ልቤን ነካኝ። ዛሬ ሥራ ቦታ አዲስ የገባች ልጅ ዴቢትና ክሬዲቱ አልገጥም ብሏት ስትጨነቅ አየሁ። ነገ ከሥራ በኋላ አብረን እናየዋለን አልኳት። ስለ ዲግሪው ገና አልወሰንኩም። አላርሙን ግን ወደ 12 ሰዓት ገፋሁት።

መንገደኛ፣ ከዕዳው አንድ ሰዓት ቀንስልኝ።