ክርክር፦ የሐይቅ መዛግብት ለሁሉም ይለቀቁ ወይስ እዚያው ይቆለፉ?

አወያይ፦
ሰላም የሐይቅ ልጆች። የከተማችንን አሮጌ ነገር በዲጂታል እናስቀምጥ ተብሏል። የገዳሙን ብራና፣ በየቤቱ ያለውን መንዙማ፣ የፎቶ ቤቶቹን ነጌቲቭ። ፎቶ መነሳቱን የሚቃወም አላየሁም። ጭቅጭቁ ከዚያ በኋላ ነው። ከተነሳ በኋላ ማንም እንዲያየው ኢንተርኔት ላይ ይለቀቅ ወይስ ቅጂው እዚያው ይቆለፍበት? እኔ ይለቀቅ ባይ ነኝ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም ሲዘረፍ አይተናል። ደሴ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ከተዘረፈ በኋላ ፎቶ አይነሳም።

መምህርቷ፦
የኔ ምክንያት ሌላ ነው። እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም። ሥርዓቱን አከብራለሁ፣ አልከራከርበትም። ግን ሐይቅ ተወልጄ ሐይቅ አድጌ የጥንቱን የገዳሙን አበምኔት የአባ ኢየሱስ ሞዐን ወንጌል የት እንዳየሁት ታውቃላችሁ? ስልኬ ላይ! አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል የሚባል ቦታ ያለ የብራና ቤተ መጻሕፍት አለ። በነፃ ተመዘገብኩና ኢኤምኤምኤል 1832 ብዬ ፈለግኩ፤ የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም ያነሳው ሥራ የሰጠው መለያ ቁጥር ነው። በ1280/81 እ.ኤ.አ. የተጻፈ ወንጌል ነው። የአባታችን ሥዕል ሙሉ ገጽ ይዟል። ተማሪዎቼን ሳሳያቸው አንዱ «ቲቸር፣ የኛው ሐይቅ ነው?» አለኝ። አዎ፣ የኛው ነው። ግን የተነሳው በማይክሮፊልም ስለሆነ ጥቁርና ነጭ ነው። የልብሱን ቀለም እስከዛሬ አላውቀውም።

ዲያቆኑ፦
መምህርት፣ ያሉት ገብቶኛል። ግን እስቲ ራስዎ የተናገሩትን መልሰው ያንብቡት። የደጃችንን ወንጌል ለማየት ሚኒሶታን ደጅ ጠኑ። ያ የማይክሮፊልም ሥራ በ1973 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ አንዱ አሜሪካ ተቀመጠ። መልካም ሥራ ነው፣ አልክድም። ሐይቅ ላይ ግን ምን ቀረ?
መቅደላንም አትርሱ፣ እዚሁ ወሎ ናት። በ1868 እ.ኤ.አ. ከተጋዙት ውስጥ 350 ያህሉ መጻሕፍት ለንደን፣ ብሪቲሽ ላይብረሪ የሚባለው ቤተ መጻሕፍት አሉ። ብዙዎቹን ስካን አድርገው ለቀቁልን። መጻሕፍቱ ግን አልተመለሱም። ከዚያ በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ተጠለፈና ስካኑም ለወራት አልከፍት አለ። ብራናው የለን፣ ፎቶው የለን።
ደግሞስ እያንዳንዱን ገጽ አጥርቶ አንስቶ መልቀቅ ለሌባ የዕቃ ዝርዝር መስጠት አይሆንም?

አወያይ፦
ዲያቆን፣ የሌባውን ነገር ገልብጠህ እየው። ነገ ብራናችን የሆነ አገር ጨረታ ላይ ቢወጣ የኛ ነው ብለህ በምን ትረታለህ? ፎቶው እኮ ምስክር ነው።

ዲያቆኑ፦
ምስክር ለመሆን ይነሣ። ለመታየት መለቀቁ ሌላ ነው። አንተ ሁለቱን አንድ አደረግካቸው።

የሼኹ የልጅ ልጅ፦
አብሽሩ፣ ቀስ በሉ። ወሬው ሁሉ ብራና ብራና ሆነ። አያቴ ሳጥን ውስጥ ያለው ዓጀም ነው፣ አማርኛው በዓረብ ፊደል የተጻፈ። ያ የማይክሮፊልም ሥራ ያነሳው በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ነው። ጀማ ንጉሥ፣ ዳና፣ ጌታ እያልን በወሎ የእስልምና ትምህርት ቦታዎች እንኮራለን። በየቤቱ ያለውን ቅጂ ማን አየው? አያቴ እንደሆኑ «ሊመዘግቡ መጡ» ከተባለ ሳጥኑ አልጋ ሥር ይገባል።
ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፈሰሰ። ሦስት ቅጠል ተጣብቆ እንደ ካርቶን ደረቀ። በጥፍሬ ጫፍ ላላቅቀው ስሞክር ቀለሙ ጣቴ ላይ ቀረ። ወላሂ እጄ ተንቀጠቀጠ። እንደነበረ መልሼ አስቀመጥኩት። የተቆለፈ ነገር ተጠበቀ ማለት አይደለም ለማለት ነው።
ግን ሁሉም ይለቀቅም አልልም። መንዙማው ለሕዝብ ነው። ለደረሳ፣ ለሃይማኖት ተማሪ ማለቴ ነው፣ ብቻ የሚሰጥ ዱዓ አለ። የቱ እንደሚወጣ ቤተሰቡ ይምረጥ።

ካሜራማኑ፦
እኔ ስለ ሥራው ላውራ። ባለ 24 ሜጋፒክስል ካሜራ አንዱን ገጽ ቲፍ በሚባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት ስታስቀምጠው 70 ሜጋባይት አካባቢ ነው። 300 ቅጠል ያለው መጽሐፍ 600 ገጽ፣ ማለትም 42 ጊጋባይት። አንድ መጽሐፍ ብቻ! ስለዚህ በፍላሽ ይዘን እንመጣለን የምትሉ ተዉት። ሦስት ቅጂ ያስፈልጋል፣ አንዱ የግድ ሌላ ከተማ። ለዲያቆን ይሄ አይጥመውም፣ አውቃለሁ። ሃርድ ዲስክ ግን ሳይነግርህ ነው የሚሞተው።
ዝርዝሩንም አስቡበት። የኮሌጅቪሉን ስብስብ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እና ባልደረቦቻቸው ዓመታት ፈጅተው ባይዘረዝሩት መምህርት ምን ብላ ትፈልገው ነበር? ስም የሌለው ፎቶ ክምር ነው።

ጅዳ ያለሁት፦
ስለ ብራና አላውቅም። የፎቶ ቤቱ ነጌቲቭ ይቅደም። እናቴ በሕይወቷ አንዴ ነው ፎቶ የተነሳችው። ከጀርባዋ ሐይቁ የተሳለበት መጋረጃ ነበር። ቤት የነበረው ፎቶ ጠፋ። ነጌቲቩ ካለ እዚያ ነው ያለው። ስሟን የሚያውቁት ጎረቤቶች ደግሞ አርጅተዋል።

መምህርቷ፦
ልክ ነሽ እቴ። ብራናው 700 ዓመት ቆይቷል። ነጌቲቩ ላስቲክ ውስጥ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ነው። እኔም ብሆን ከሱ ነው የምጀምረው።

ዲያቆኑ፦
እሺ፣ የገዳሙም ቢሆን አባቶች ከፈቀዱ ይነሣ። ሌላ ከተማም አንድ ቅጂ ይቀመጥ። ቁልፉ ግን ከገዳሙ አይወጣም።

አወያይ፦
ቁልፉ ስትል የዕቃ ቤቱን ነው የሃርድ ዲስኩን?

ዲያቆኑ፦
የሁለቱንም።

አወያይ፦
እንግዲያማ የት ተስማማን?

ጅዳ ያለሁት፦
ኧረ እናንተ፣ ፎቶ ቤቱ ጋ ማን ይሄዳል?